ልጅን አሜሪካ በግል ትምህርት ቤት ለማስተማር፦ ከባሕር ዳር ሆኖ ሙሉ ወጪውን ማስላትና መክፈል

ልጃቸውን አሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ለመላክ ከሚነሱ የባሕር ዳር ቤተሰቦች ብዙዎቹ መሀል መንገድ ላይ የሚቀሩት ብር አጥተው አይደለም። የቅበላ ደብዳቤው ላይ ያዩትን ቁጥር ሙሉ ወጪ አድርገው ስለሚነሱ ነው። 16 ሺህ ዶላር ተብሎ የተጀመረው ነገር ሦስት ወር ሳይሞላው 37 ሺህ ይሆናል። ዘንዘልማ ያለው ቦታ ተሽጧል፣ ብሩ አልበቃም፣ የተከፈለው ማስያዣ ደግሞ አይመለስም።

ከታች ያለው መመሪያ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላለ ልጅ ነው። ልጁ ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ይሄዳል፣ በግል ትምህርት ቤት ይማራል፣ እየተከፈለው በሚያስተናግድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ዘንድ ያድራል፤ ኤጀንቶቹ ሆስት ፋሚሊ የሚሉት ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። በተለይ ደረጃ 1፣ 2 እና 3 ሳያልቁ ለማንም ቤሳ አትክፈሉ።

ደረጃ 1፦ የምትሄዱበትን መንገድ ለዩ

አራት ነገር ይምታታል፣ ኤጀንት ሲናገር ደግሞ ሁሉም አንድ ይመስላል።

ኤፍ-1 በግል ትምህርት ቤት፦ ልጁ እስኪመረቅ መቆየት ይችላል። ሁሉን ነገር የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ኤፍ-1 በመንግሥት ትምህርት ቤት፦ ከ12 ወር በላይ አይቻልም። ነፃም አይደለም፤ ሕጉ የትምህርቱን ሙሉ ወጪ አስቀድሞ መክፈልን ያስገድዳል። «የመንግሥት ስለሆነ ነፃ ነው» ያላችሁ ሰው ካለ እዚያው ላይ ተሰናበቱት።

ጄ-1 የልውውጥ ፕሮግራም፦ ቢበዛ አንድ የትምህርት ዓመት ነው። ተቀባዩ ቤተሰብ አይከፈለውም፣ ስለዚህ ዋጋው ይቀንሳል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ልጁ ይመለሳል።

በጉብኝት ቪዛ ገብቶ አጎት ቤት ሆኖ መማር፦ አይፈቀድም። የልጁን የወደፊት ቪዛ ሁሉ ያበላሻል። አጎት ምንም ቢል አትስሙት።

ደረጃ 2፦ ሙሉውን ወጪ ጻፉ

ወረቀት አውጡ። ከታች ያለው መካከለኛ ዋጋ ላለው የቀን ትምህርት ቤት የሠራሁት የአንድ ዓመት ምሳሌ ነው። የእናንተን ቁጥር በየቦታው ተኩበት።

1. የትምህርት ክፍያ፦ 16,500 ዶላር። ደብዳቤው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ይሄ ብቻ ነው።
2. ተቀባይ ቤተሰብ፦ በወር 1,100 ዶላር ለ10 ወር፣ 11,000።
3. የጤና ኢንሹራንስ፦ 1,400።
4. መጽሐፍ፣ ዩኒፎርም፣ ኮምፒውተር፣ የምዝገባና የስፖርት ክፍያ፦ 1,300።
5. ምሳ፦ 5 ዶላር ለ180 የትምህርት ቀን፣ 900። ተቀባይ ቤተሰብ ቁርስና እራት ሲሰጥ የትምህርት ቤት ምሳ ብዙ ጊዜ ውሉ ውስጥ የለም።
6. የኪስ ገንዘብና ስልክ፦ በወር 150፣ 1,500።
7. የአውሮፕላን ትኬት ደርሶ መልስ፦ 1,600።
8. የኤጀንት የምደባ ክፍያ፦ 2,500፣ አንድ ጊዜ።
9. የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) ክፍያ 350 እና የቪዛ ማመልከቻ 185፦ 535።
10. የብርድ ወቅት ልብስ፦ 300። ባሕር ዳር ያደገ ልጅ የሚኒሶታን ጥር አያውቀውም። ካፖርቱን እዚያው ይግዛ፣ ከዚህ የሚገዛው አያሞቀውም።

ድምሩ 37,535 ዶላር መጣ። ደብዳቤው ላይ ካለው ቁጥር ከእጥፍ በላይ ነው።

አሁን ወደ ብር ቀይሩት። ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 5,630,250 ብር ይሆናል። ምንዛሪው በ10 ብር ብቻ ቢጨምር 375,350 ብር ተጨማሪ ትከፍላላችሁ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ምን እንደሆነ አይታችኋል፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት 100 አለፈ። ስለዚህ ስሌታችሁን በዛሬው ምንዛሪ አትዝጉት። 20 በመቶ ጨምሩና ያኔም ትችሉ እንደሆነ እዩ።

ቀጥሎ አራቱን ዓመት አስሉ። አንድ ጊዜ የሚከፈሉትን (8፣ 9 እና 10) አውጡና የቀረውን 34,200 በየዓመቱ 4 በመቶ እያሳደጋችሁ ደምሩ። አንድ ጊዜ የሚከፈለውን መልሳችሁ ስትጨምሩበት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ወደ 148,500 ዶላር ይደርሳል። ይሄ ካስደነገጣችሁ መደንገጫው አሁን ነው። ልጁን በ9ኛ ክፍል ልኮ 11ኛ ላይ ብር አልቆ መመለስ ከሁሉ የከፋው ነው፤ አገር ቤት ሲመጣ ክፍሉን ለማስቀጠል የአቻ ግምት ጣጣ ይጠብቀዋል፣ ጓደኞቹ ደግሞ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እየተዘጋጁ ነው። የማያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት ይባል የለ።

አቅም ካልደረሰ፦ ለሁለት ዓመት ብቻ፣ ማለትም 11ኛና 12ኛን፣ መላክን አስቡ። ወጪው በግማሽ ይወርዳል፣ ልጁም ዲፕሎማውን ከዚያ ይይዛል። ብዙ ትምህርት ቤቶች 12ኛ ላይ አዲስ ተማሪ ስለማይቀበሉ ግን ከ11ኛ አታሳልፉት። የእኔን ምርጫ ብትጠይቁኝ ለአብዛኛው ቤተሰብ ይሄ ይሻላል።

በዓላትን አትርሱ

የገና ዕረፍት፣ የፀደይ ዕረፍትና ክረምቱ በ10 ወሩ ስሌት ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን በጽሑፍ ጠይቁ። አንዳንዱ ውል ለገና ዕረፍት በቀን ለብቻው ያስከፍላል። በክረምት ልጁ ካልተመለሰ የሁለት ወር ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ ከተመለሰ ደግሞ ትኬት አለ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፣ የሚገኘውም እዚህ ጋ ነው።

ደረጃ 3፦ ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱንና ውሉን መርምሩ

ሀ. ትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪ እንዲቀበል የተፈቀደለት መሆኑን እዩ። የአሜሪካ መንግሥት «ስተዲ ኢን ዘ ስቴትስ» በሚለው ድረ ገጹ ላይ የተፈቀደላቸውን ትምህርት ቤቶች መፈለጊያ አለው። ስሙንና ከተማውን አስገቡ። ከሌለ ተማሪውን መቀበሉን የሚያረጋግጠውን፣ አይ-20 የሚባለውን ቅጽ መስጠት አይችልም። አይ-20 ከሌለ ቪዛ የለም።

ለ. ትምህርት ቤቱ ጋ በቀጥታ ኢሜይል ጻፉ። አድራሻውን ኤጀንቱ ከሰጣችሁ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ውሰዱ። «ይህ ኤጀንት ከእናንተ ጋር ይሠራል ወይ? የውጭ ተማሪ ጠቅላላ ክፍያስ ስንት ነው?» በሉ። መልሱና የኤጀንቱ ቁጥር ካልገጠመ ልዩነቱን ያስረዳችሁ።

ሐ. የተመላሽ አንቀጹን አንብቡ። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ቪዛ ቢከለከል ስንቱ ይመለሳል? ልጁ መሀል ላይ ቢያቋርጥስ? ተቀባይ ቤተሰብ ቢቀየር ወጪው የማን ነው? «አይዞህ፣ እናስተካክላለን» የሚል የቃል መልስ አይቆጠርም። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። ለአንድ ጠበቃ የምትከፍሉት ከምታጡት ማስያዣ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

መ. ክፍያው በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ከሆነ አትክፈሉ። የተቀባይ ቤተሰቡም ክፍያ ቢሆን ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤቱ ወይም ቤተሰቡን በሚመድበው አስተናጋጅ ድርጅት በኩል ነው የሚያልፈው እንጂ በተቀባይ ቤተሰቡ የግል ሒሳብ አይደለም።

«ቪዛ ዋስትና እንሰጣለን» የሚል ካጋጠማችሁ ሻዩን እንኳ ሳትጨርሱ ተነሱ። ቪዛ የሚሰጠው ቆንስላው ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ሰነዱን ከቀበሌ ጀምሩ

አብዛኛው ትምህርት ቤት ለነሐሴ መግቢያ ከጥር እስከ መጋቢት ማመልከቻ ይጨርሳል። ሰነድ መሰብሰብ ከመስከረም ይጀመር።

1. የልደት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ አውጡ።
2. ፓስፖርት። የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ባሕር ዳር ስላለ ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ የለባችሁም።
3. ያለፉት ሦስት ዓመታት ትራንስክሪፕት በእንግሊዝኛ፣ ማህተም ያለበት።
4. የእንግሊዝኛ ፈተና። ብዙ ትምህርት ቤቶች ዱኦሊንጎን ይቀበላሉ፤ ቤት ተሆኖ ይፈተናል። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቆረጥ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። ጄኔሬተርና ጥሩ መስመር ያለው ቢሮ ወይም ሆቴል ክፍል ተከራዩ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አይግባ።
5. የክትባት መረጃ። ይሄን ከታች እመለስበታለሁ።

ስምና ቀን ላይ ቁሙ

የሰነድ ችግር ሁሉ የሚመጣው ከሁለቱ ነው። በፓስፖርቱ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ በትራንስክሪፕቱ፣ በልደት ወረቀቱና በማመልከቻው ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። አንዱ ላይ የአያት ስም ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ ትምህርት ቤቱ ሁለት ሰው አድርጎ ያያችኋል። አሜሪካኖቹ «የቤተሰብ ስም» ሲሉ ፓስፖርቱ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈውን ነው የሚፈልጉት፣ ከራሳችሁ አትምረጡ።

የልደት ቀን ሲቀየር ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይደመራል። ጥር 5 ቀን 2002 የተወለደ ልጅ በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 13 ቀን 2010 ነው። አንዱ ጸሐፊ 7 ደምሮ 2009 ካለ ልጁ በአንድ ዓመት አረጀ ማለት ነው።

ስሕተት ካገኛችሁ፦ ትንሹን ሰነድ ከትልቁ ጋር አስማሙ። ፓስፖርቱ ትክክል ከሆነ ትራንስክሪፕቱን አስቀይሩ። ፓስፖርቱ ራሱ ከተሳሳተ ሌላውን ሁሉ አቁማችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡን አሳዩ፣ ከዚያ ላኩ

ትምህርት ቤቱ አይ-20 ከመስጠቱ በፊት ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን የባንክ ማስረጃ ይፈልጋል። ቆንስላውም ይጠይቃል። ቆንስላው የሚያየው ግን ቀሪ ሒሳቡን ብቻ አይደለም፣ ብሩ ከየት እንደመጣም ያያል።

እዚህ ላይ ነው የኛ ሰው የሚሳሳተው። ዕቁብ ይወጣል፣ ወንድም ያበድራል፣ እህት ትጨምራለች፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ብር ሒሳብ ላይ ይገባል። ስቴትመንቱ ላይ ለስድስት ወር 80 ሺህ ብር የነበረ ሒሳብ በድንገት ሲያብጥ ማንም ይጠራጠራል። ብሩ የተገኘው ከቤት ወይም ከቦታ ሽያጭ ከሆነ የሽያጭ ውሉን አያይዙ። ንግድ ካላችሁ ንግድ ፈቃድና ግብር የከፈላችሁበት ደረሰኝ ይኑር። ደመወዝተኛ ከሆናችሁ የሥራ ደብዳቤ። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚከፍል ከሆነ የእሱ የባንክና የደመወዝ ማስረጃ፣ ለምን እንደሚከፍል ከሚገልጽ ደብዳቤ ጋር።

ክፍያውን ለመላክ ባንካችሁ ሂዱና ለትምህርት የውጭ ምንዛሪ ጠይቁ። የቅበላ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤቱ የክፍያ መጠየቂያና ፓስፖርት ይዛችሁ ቅረቡ፤ ኮሚሽኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ይተላለፍ። ቶሎ ካልተገኘ ሌላ ባንክ ሞክሩ፣ ትምህርት ቤቱንም የክፍያ ቀን እንዲያራዝምላችሁ በኢሜይል ጠይቁት። ሲጠየቁ ብዙዎቹ ያራዝማሉ፣ ዝም ሲባሉ ግን ቦታውን ለሌላ ይሰጣሉ።

በጥቁር ገበያ የተላከ ዶላር ሕገ ወጥ ነው፣ ደረሰኝም የለውም። ቆንስላው «ማን ከፈለ?» ሲል የምታሳዩት ወረቀት አይኖራችሁም።

ደረጃ 6፦ ሴቪስ፣ ዲኤስ-160 እና ቃለ መጠይቅ

1. አይ-20 ሲደርሳችሁ ስሙን፣ የልደት ቀኑንና የወጪውን ዝርዝር ከደረጃ 2 ወረቀታችሁ ጋር አመሳክሩ። ስሕተት ካለ ትምህርት ቤቱ ያርመው።
2. የሴቪስን 350 ዶላር ክፈሉ። በካርድ ነው የሚከፈለው። የእናንተ ካርድ ካልሠራ ውጭ ያለ ዘመድ በራሱ ካርድ ሊከፍልላችሁ ይችላል። ደረሰኙን አትሙ።
3. ዲኤስ-160 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ በኢንተርኔት ሙሉ። ገጹ ለ20 ደቂቃ ያህል ካልተነካ ይዘጋል። ስለዚህ ገና ስትጀምሩ የሚሰጣችሁን የማመልከቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት፣ በየገጹም አስቀምጡ። መብራት ቢጠፋ በዚያ ቁጥር ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ቁጥሩን ያልጻፈ ከዜሮ ይጀምራል።
4. ቅጹ ልጁ የተጠቀመባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች ይጠይቃል። ሁሉንም ጻፉ፣ አካውንቶቹም ለሁሉም ክፍት ይሁኑ፤ ከ2025 ወዲህ ለተማሪ ቪዛ ይጠየቃል። የቲክቶኩን ነገር ከልጁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።
5. ቀጠሮ ያዙ። ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ ኤምባሲው ነው። ቪዛው ትምህርቱ ከመጀመሩ 365 ቀን በፊት ጀምሮ ሊሰጥ ስለሚችል አይ-20 በደረሰ ሳምንት ቀጠሮ ፈልጉ።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱም ሲዘጋ ይዘጋል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለቀጠሮው ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ግቡ። መድረስ ካልቻላችሁ ቀጠሮውን ከቀኑ በፊት ቀይሩ፤ ዝም ብሎ መቅረት የከፈላችሁትን ገንዘብ ሊያስበላችሁ ይችላል።

ልጁ ራሱ ይመልስ

በመስኮቱ የሚጠየቀው ልጁ ነው፣ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ለምን ይህን ትምህርት ቤት መረጥክ? ማን ይከፍላል? አባትህ ምን ይሠራል? የት ነው የምትኖረው? እነዚህን በራሱ አማርኛ አስቦ በራሱ እንግሊዝኛ ይመልስ። ኤጀንት ያስጠናው መልስ ከሩቅ ይታወቃል። የተቀባይ ቤተሰቡን ከተማ ስም እንኳ የማያውቅ ልጅ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ከተከለከለ፦ ብዙውን ጊዜ 214(ቢ) የሚል ወረቀት ይሰጣል፤ ትርጉሙ ተመልሶ እንደሚመጣ አላሳመነንም ነው። ይግባኝ የለም። እንደገና ማመልከት ይቻላል፣ 185 ዶላሩ ግን እንደገና ይከፈላል። ሴቪሱን በ12 ወር ውስጥ ለዚያው ዓይነት ቪዛ ካመለከታችሁ ድጋሚ አትከፍሉም። ምንም ሳይለወጥ በሳምንቱ መመለስ ብር ማባከን ነው። በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱ ጻፉና የተመላሽ አንቀጹን አስፈጽሙ፤ ውሉ የጊዜ ገደብ አለው።

ቪዛው ሲገኝ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባና እስከ መቼ እንደሚያገለግል እዩ። አንዴ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ልጁ ለክረምት መጥቶ ሲመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልገዋል። ያም በደረጃ 2 ወረቀታችሁ ላይ ይግባ።

ደረጃ 7፦ ክትባቱንና ተቀባይ ቤተሰቡን አዘጋጁ

ክትባት የሚያስከፍለው እዚያ ሲሆን ነው። የትምህርት ቤቱን ዝርዝር አስመጡና እዚህ የሚገኘውን እዚህ ጨርሱ፤ የልጅነት ካርዱን ከጤና ጣቢያው አውጡ። የኩፍኝ ካርድ አለን ብላችሁ አትዘናጉ፣ እነሱ ጉድፍ፣ ጆሮ ደግፍና የመሳሰሉትንም ይጠይቃሉ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም አለ። የኛ ልጆች በጨቅላነታቸው ቢሲጂ የሚባለውን የነቀርሳ ክትባት ስለሚከተቡ የቆዳ ምርመራው ነቀርሳ ሳይኖር «አለ» ሊል ይችላል። ያኔ ልጁን ከክፍል ያስቀሩታል፣ ራጅም ያስነሱታል። የቢሲጂ መረጃውን ይያዝ፣ በቆዳው ፋንታ የደም ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቅ።

ለተቀባይ ቤተሰቡ ከመሄዱ በፊት ደብዳቤ ጻፉ። ጾም ካለ በግልጽ ንገሯቸው። «አትክልት ይበላል» ብቻ ካላችሁ እንቁላልና አይብ ያቀርባሉ። እንዲህ ጻፉ፦ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም፤ ሩዝ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ድንች፣ ፓስታ ይበላል። ሙስሊም ከሆነ የሐላል ሥጋና የረመዳን ነገር እንዲሁ ይጻፍ። አስቀድሞ የተነገረው ቤተሰብ ያዘጋጃል፤ ካልተነገረው ልጁ ተርቦ የኪስ ገንዘቡን ምግብ ላይ ይጨርሳል።

ሻንጣው ውስጥ በርበሬና ሽሮ ታሽገው ይግቡ። ቋንጣ አይግባ፣ ይወስዱበታል። አይ-20፣ ፓስፖርትና የክትባት ወረቀት ከእጅ ቦርሳ አይውጡ፤ መግቢያው ላይ ይጠየቃሉ። ትምህርቱ ከሚጀምርበት ከ30 ቀን በፊት መግባት አይፈቀድም፣ ትኬቱን በዚያ ቁረጡ።

ቤተሰቡ ካልተስማማ

ልጁ ደውሎ «አልተመቸኝም» ካለ መጀመሪያ ለዩ። ናፍቆት ከሆነ ጊዜ ስጡት። ክፍሉ ከውሉ ውጪ ከሌላ ሰው ጋር ከተደረገ፣ እራት ከቀረ ወይም ያልተጻፈ ክፍያ ከተጠየቀ ልጁ ቀኑንና የሆነውን ይጻፍ፣ እናንተም በዚያው ቀን ለአስተናጋጁ ድርጅት የአካባቢ አስተባባሪ በኢሜይል ላኩ፣ ለትምህርት ቤቱ ግልባጭ አድርጉ። በስልክ ብቻ አትነጋገሩ፣ ከአባወራውም ጋር አትጨቃጨቁ። መነካካት፣ ዛቻ ወይም ምት ካለ ማስረጃ አትሰብስቡ፤ ልጁ 911 ይደውል፣ ቀጥሎም ለትምህርት ቤቱ ይናገር። ይህን ቁጥር ከመሄዱ በፊት አስጠኑት።

ቤት ሲቀየር ልጁ በድሮው ቤተሰብ ዘንድ ያልኖረበትን ወር ክፍያ ለአዲሱ ማዛወር ያለበት ድርጅቱ ነው። ድርጅቱ እንደገና ክፈሉ ካለ በደረጃ 3 ያስጻፋችሁትን አንቀጽ ላኩለት።